ሜጋ ፒክስላቸው እኩል የሆነ ሁለት ሴንሰሮች፦ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ወይስ ኤ6400?

የጠያቂው ደብዳቤ በአጭሩ ይህ ነው፦ «ፒያሳ አካባቢ ሠርግና ክርስትና በማንሣት እተዳደራለሁ። እስካሁን የምሠራው በካነን 600ዲ ነው፤ ሌንሴም አብሮት የመጣው 18-55 ብቻ ነው። ምሽት ላይ በአዳራሽ፣ ማለዳ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማነሣቸው ፎቶዎች አሸዋ የተበተነባቸው ይመስላሉ። ባጠራቀምኩት ገንዘብ ያገለገለ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ከ28-70 ሌንሱ ጋር መግዛት እችላለሁ፤ አለዚያም አዲስ ሶኒ ኤ6400 ገዝቼ በሚተርፈኝ አንድ ሌንስ እጨምራለሁ። አንዱ ሻጭ ‹ሁለቱም 24 ሜጋ ፒክስል ስለሆኑ ልዩነት የላቸውም› አለኝ። ሌላው ‹ፉል ፍሬም ከያዝክ ጨለማ ውስጥ ያለ ፍላሽ ታነሣለህ፣ ጀርባውንም ራሱ ያደበዝዝልሃል› አለኝ። ማንን ልመን?»

ሁለቱንም እንዳለ አይመኑ። የመጀመሪያው ሻጭ የተናገረው ስለ ፎቶው ዝርዝር ከሆነ ልክ ነው፤ ስለ ጨለማ ከሆነ ግን ተሳስቷል። ሁለተኛው የሴንሰሩን፣ ማለትም በካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለውን ገጽ፣ ድርሻ ከሌንሱ ድርሻ ጋር ደባልቆታል፣ የእርስዎን ገንዘብ ሊያባክን የሚችለውም ይኸኛው ስሕተት ነው።

ሜጋ ፒክስል የሚነግረን የሴንሰሩ ገጽ በስንት ነጥብ እንደተከፋፈለ እንጂ ገጹ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አይደለም። ሁለቱም ካሜራዎች 6,000 በ4,000 ነጥብ ያለው ፎቶ ይሰጣሉ፤ ይህም በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 50 በ34 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን ለተለመደው የሠርግ አልበም ገጽ ከበቂ በላይ ነው። በእጅዎ ያለው 600ዲ 18 ሜጋ ፒክስል መሆኑም የችግርዎ ምንጭ አይደለም። ልዩነቱ ያለው በስፋቱ ላይ ነው፦ የኤ7 ማርክ 3 ሴንሰር 35.6 በ23.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን የኤ6400 ደግሞ 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ነው። አባዝተው ቢያዩት የመጀመሪያው 847፣ ሁለተኛው 367 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ማለትም ፉል ፍሬም የሚባለው የኤ7 ማርክ 3 ትልቅ ሴንሰር በስፋት 2.3 እጥፍ ይበልጣል።

ይህ ስፋት ከአሸዋው ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው። ኖይዝ የምንለው ይህ አሸዋ በአብዛኛው የካሜራው ጉድለት ሳይሆን የብርሃን ጠባይ ነው። ብርሃን የሚመጣው በቅንጣት ነው፤ ቅንጣቶቹም በእኩል ፍጥነት እየተቆጠሩ አይደርሱም፣ አንዱ ነጥብ ላይ ጥቂት በዝተው ጎረቤቱ ላይ ጥቂት አንሰው ያርፋሉ። የዚህ መዛነፍ መጠን የቅንጣቶቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ነው። በጨለማ አዳራሽ ውስጥ በሙሽራው ጥቁር ኮት ጥላ ላይ አንድ የኤ6400 ፒክስል 1,000 ቅንጣት ቢሰበስብ መዛነፉ 32 ያህል፣ ማለትም ከመቶ 3.2 ይሆናል። በተመሳሳይ የሌንስ ቀዳዳና በተመሳሳይ የሹተር ፍጥነት (ብርሃን በሚገባበት ጊዜ ርዝመት) የኤ7 ማርክ 3 ፒክስል 2,300 ያህል ይሰበስባል፤ መዛነፉም 48፣ ማለትም ከመቶ 2.1 ነው። ብርሃን ሲያንስ ይህ መቶኛ እያደገ ይሄዳል፤ አሸዋው ከደማቁ ቬሎ ይልቅ በጥላው ላይ የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ 2.3 እጥፍ በፎቶግራፍ አንሺ ቋንቋ ስንት ነው? አንድ ስቶፕ የብርሃን በ2 እጥፍ መጨመር ስለሆነ 1.2 ስቶፕ ይሆናል። በኤ6400 በአይኤስኦ (የገባውን ብርሃን የማጉያ ቁጥር) 3200 የሚያዩት የአሸዋ መጠን በኤ7 ማርክ 3 ላይ የሚገኘው ወደ አይኤስኦ 7000 ሲጠጉ ነው ማለት ነው። ጥሩ ጥቅም ነው፣ ነገር ግን ጨለማን ቀን የሚያደርግ አይደለም። ሻጮች የሚያነቡልዎትን ከፍተኛውን የአይኤስኦ ቁጥር፣ ለኤ7 ማርክ 3 እስከ 204,800፣ ለኤ6400 እስከ 102,400 የሚለውን፣ ለውሳኔ አይጠቀሙበት። አይኤስኦ ወደ ሴንሰሩ ተጨማሪ ብርሃን አያስገባም፤ የገባውን ያህል አጉልቶ ያሳያል እንጂ። በእነዚያ ጫፎች ላይ ከሁለቱም ካሜራዎች የሚወጣው ፎቶ ለደንበኛ የሚሰጥ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ የተለመደ አነጋገር ማረም ያስፈልጋል። «ፒክስሉ ትልቅ ስለሆነ ነው» ይባላል፤ እውነት ነው፣ የኤ7 ማርክ 3 ፒክስል 5.9 ማይክሮ ሜትር ሲሆን የኤ6400 3.9 ነው። ወሳኙ ግን የእያንዳንዱ ፒክስል መጠን ሳይሆን የሁሉም ድምር ስፋት ነው። ለምሳሌ ሶኒ ኤ7አር ማርክ 3 ፉል ፍሬም ሆኖ 42 ሜጋ ፒክስል ስላለው ፒክስሎቹ ያነሱ ናቸው፤ የእርሱንና የኤ7 ማርክ 3ን ፎቶዎች በአንድ የአልበም ገጽ ልክ አትመው ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው ግን በተለመዱት የአይኤስኦ ቁጥሮች የኖይዝ ልዩነታቸውን ለመለየት ይቸገራሉ። ፎቶን ኮምፒዩተር ላይ መቶ በመቶ አጉልቶ ማወዳደር የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ስለ ሴንሰሮቹ አሠራር ብዙ ይወራል፤ በአጭሩ ልለፈው። የኤ7 ማርክ 3 ሴንሰር ሽቦው ከብርሃን መቀበያው ጀርባ የተዘረጋ ሲሆን በኤ6400 ከፊት ለፊት ነው። ይህ አሠራር በስልክ ካሜራዎች ጥቃቅን ፒክስሎች ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ እዚህ ባሉት መጠኖች ግን ትርፉ ከማስታወቂያው ያነሰ ነው። ለሥራዎ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው፦ ኤ7 ማርክ 3 ከአይኤስኦ 640 ጀምሮ ምልክቱን ገና በፒክስሉ ውስጥ በተለየ መንገድ ስለሚያጎላ በ640 የተነሣ ጥላ በ500 ከተነሣው ይልቅ ንጹሕ ይሆናል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 400 ወይም 500 ላይ ከደረሱ ወደ 640 ከፍ ቢያደርጉ አይጎዱም። ደግሞም ኤ7 ማርክ 3 ያልታመቀ ሮው (ካሜራው ሳያቀናብረው የሚያስቀምጠው ጥሬ) ፋይል ሲሰጥ ኤ6400 የታመቀውን ብቻ ይሰጣል፤ በጧፍ ነበልባልና በጥቁር ግድግዳ መካከል እንዳለው ያለ ስለታም ጠርዝ ላይ ጥላውን በኮምፒዩተር በኃይል ካላበሩ በቀር ይህን ልዩነት አያስተውሉትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሌንሱ ላይ ኤፍ 3.5፣ 5.6፣ 1.8 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ባነሰ መጠን ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ የሚያርፈው ብርሃንም በቁጥሩ ስኩዌር ልክ ይጨምራል። ከኤ7 ማርክ 3 ጋር የሚሸጥልዎት 28-70 ሌንስ ከ3.5 ጀምሮ ወደ 70 ሚሊ ሜትር ሲዘረጋ 5.6 ይደርሳል። ለኤ6400 የሚሆነው የሲግማ 30 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን 1.4 ነው። በ70 ጫፍ ላይ ካወዳደርናቸው ሲግማው በየካሬው 16 እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ ለ28-70 ሌንሱ አድልተን በምርጡ ቦታ በ3.5 ብናወዳድራቸው እንኳ 6 እጥፍ ይሆናል። የትልቁ ሴንሰር ብልጫ 2.3 እጥፍ ብቻ ስለሆነ ይህን ጉድለት ሊሸፍን አይችልም። በሌላ አነጋገር፣ በአንድ ጨለም ያለ አዳራሽ ውስጥ ፉል ፍሬሙ ከ28-70 ጋር አይኤስኦ 12800 ሲጠይቅ ኤ6400 ከሲግማው ጋር በ800 ሊያነሣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ርካሹ ካሜራ ውዱን በግልጽ ያሸንፈዋል። የሻጩ «ፉል ፍሬም ከያዝክ» የሚለው ቃል የሚሠራው ሁለቱም ካሜራዎች ተመሳሳይ ቀዳዳ ያለው ሌንስ ሲገጠምላቸው ነው።

ይኸው ስሌት በተቃራኒው ቢሠራም ጠቃሚ ነው። ኤ7 ማርክ 3 ላይ የሶኒን 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ሌንስ ቢገጥሙ፣ በኤ6400 ላይ ያለው 30 ሚሊ ሜትር 1.4 የኤ6400 ሴንሰር በወርድ 1.5 እጥፍ ስለሚያንስ በፉል ፍሬም ዓይን ሲታይ እንደ 45 ሚሊ ሜትር 2.1 ስለሚቆጠር፣ ፉል ፍሬሙ ወደ ግማሽ ስቶፕ የሚጠጋ ብልጫ ይይዛል። ብልጫው ከጠበቁት ያነሰ ሊመስልዎ ይችላል፤ እውነተኛው መጠኑ ግን ያ ነው። 50 1.8 ከፉል ፍሬም ሌንሶች መካከል ዋጋው ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ መሆኑ ደግሞ ለእርስዎ ይበጃል።

ስለ ጀርባ መደብዘዝ የተነገረዎትም በዚሁ ይፈታል። ጀርባውን የሚያደበዝዘው ሴንሰሩ አይደለም፤ ከአንድ ቦታ ቆመው አንድ ዓይነት ክፈፍ ሲያነሡ ድብዛዜው የሚወሰነው በሌንሱ ቀዳዳ ትክክለኛ ስፋት ነው። የ28-70 ሌንስ በ70 ሚሊ ሜትር ላይ ያለው ቀዳዳ 12.5 ሚሊ ሜትር፣ የ30 ሚሊ ሜትሩ 1.4 ሌንስ 21፣ የ50 ሚሊ ሜትሩ 1.8 ሌንስ 28 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ ከፍተው ሙሽሮቹን ሲያነሡ አንዱ ጥቂት ወደ ኋላ ከቆመ ዓይኑ ከትኩረት ውጭ ይሆናል። ሁለቱንም በካሜራው ፊት በእኩል ርቀት ያቁሟቸው፤ ቤተሰቡ በሁለት ረድፍ ሲቆም ደግሞ ወደ 4 ወይም 5.6 ይዝጉና ፍላሽ ይጠቀሙ።

ከደብዳቤዎ ጋር የላኳቸውን ሦስት ፎቶዎች ስመለከት ደግሞ ከካሜራው ጋር ያልተያያዘ ምክንያት አየሁ፣ አዲሱን ካሜራ ቢገዙም አብሮዎት ይሄዳል። በሦስቱም ፎቶዎች አብዛኛውን ክፈፍ የያዘው ነጭ ነው፤ የሀበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ቬሎ። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚገምት፣ ነጩን ግራጫ ለማድረግ ብርሃኑን ይቀንሳል። በዚህ የሚጎዳው ፊት ነው፤ ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ሲሆን ከመጀመሪያውም ከነጠላው የሚያንስ ብርሃን የሚመልስ ስለሆነ ወደ ጥላው ክልል ይወርዳል፣ ከላይ እንዳየነው ደግሞ ኖይዝ የሚኖረው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ በኮምፒዩተር ፊቱን ሲያበሩት አሸዋውንም አብረው ያበሩታል። ስለዚህ ነጭ በበዛበት ክፈፍ ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን የብርሃን መጠን) በ0.7 ወይም በ1 ስቶፕ ከፍ ያድርጉ፣ በሮው ያንሡ፣ የሶኒ ካሜራዎች ዜብራ የሚሉትን፣ ከመጠን በላይ የነጣውን ቦታ የሚያሳይ ምልክት አብርተው የነጠላው ጥለትና ሽመና እንዳይጠፋ እየተቆጣጠሩ ይሥሩ። ይህ ልማድ ብቻውን በሁለቱ ሴንሰሮች መካከል ያለውን ልዩነት የሚያህል ትርፍ ይሰጣል፣ ወጪውም ባዶ ነው።

ትልቁ ሴንሰር በእውነት ራሱን የሚያስከብርበት ቦታ እንደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ባለ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ባለቀለም መስኮቶቹ ቀን ላይ ያበራሉ፣ ከሥራቸው የቆመው ሰው ግን በጥላ ውስጥ ነው። መስኮቱ እንዳይነጣ አጨልመው አንሥተው ሰውየውን በኋላ ሲያበሩት፣ ከኤ7 ማርክ 3 የወጣው ሮው ፋይል ከአንድ ስቶፕ በላይ ተጨማሪ ማብራትን ይቋቋማል። በካነን 600ዲ ይህን ሞክረው ከሆነ በጥላው ላይ መስመር መስመር ሆኖ የሚወጣውን ነገር ያውቁታል፤ ያ የዚያ ዘመን ሴንሰር ጠባይ ነው፣ ከሁለቱ ሶኒዎች የትኛውንም ቢገዙ በእጅጉ ይቀንሳል።

የትኛውም ሴንሰር የማይፈታቸው ነገሮች ግን አሉ። ኤ7 ማርክ 3 ሴንሰሩን እያንቀሳቀሰ የእጅዎን መንቀጥቀጥ ያረጋጋል፣ ኤ6400 ይህ የለውም፤ ነገር ግን ማረጋጊያው የሚያስቆመው የእርስዎን እጅ እንጂ እስክስታ የሚወርደውን ሰው ትከሻ አይደለም። ለእስክስታ ከ1/250 ሰከንድ ያላነሰ ፍጥነት ወይም ፍላሽ ያስፈልጋል። በአዳራሾቹ የኤልኢዲ መብራት ሥር ደግሞ ድምፅ አልባውን ሹተር አይመኑ። የእኛ የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ በርካታ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይብለጨለጫሉ፤ ድምፅ አልባው ሹተር ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር በዝግታ ስለሚያነብበት ፎቶው ላይ ብሩህና ጨለማ ቀበቶዎች ይቀራሉ፣ እነዚህንም በኋላ ማስተካከል አድካሚ ነው። ይህ በሁለቱም ካሜራዎች ላይ ይደርሳል። በሜካኒካሉ ሹተር በ1/100 ወይም በ1/50 ሲሠሩ ችግሩ በአብዛኛው ይጠፋል፤ ብርሃናቸው ደብዘዝ ተደርጎ የተቃኙ የመድረክ ኤልኢዲዎች ግን የራሳቸው የብልጭታ ፍጥነት ስላላቸው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሦስት ፎቶ አንሥተው ይፈትሹ። ቪዲዮም የሚሠሩ ከሆነ ሁለቱም 4ኬውን በ25 ፍሬም ከሙሉው የሴንሰር ወርድ ያነባሉ፤ ኤ6400 ግን ካሜራውን በፍጥነት ሲያዞሩ ዓምዶችን በጉልህ ያዘምማል።

ያገለገለውን ካሜራ ሲገዙ ሴንሰሩን ሳይፈትሹ ገንዘብ አይክፈሉ። ሌንሱን በእጅ ትኩረት አደብዝዘው፣ ቀዳዳውን ወደ 16 ወይም 22 ዘግተው፣ አይኤስኦ 100 ላይ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ያንሡና ፎቶውን አጉልተው ከዳር እስከ ዳር ይመልከቱ። ጠርዙ የደበዘዘ ጥቁር ነጥብ አቧራ ነው፤ ይጠረጋል። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ያለ ስለታም ጭረት ግን አይለቅም። ቀጥሎ ሌንሱን ከድነው የ10 ሰከንድ ፎቶ ያንሡ፤ ጥቂት ባለቀለም ነጥቦች ቢታዩ አይደንግጡ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሳለ ቀጭን መስመር ካለ ግን ትተውት ይሂዱ። በሠርግ ቤት የሠራ ካሜራ ላይ እንዲህ ያለው መስመር ብዙውን ጊዜ የዲጄ ሌዘር ያቃጠለው ቦታ ነው። መስተዋት አልባ ካሜራ ሲበራ ሴንሰሩ ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ ከአሮጌው 600ዲ ይልቅ ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ነው፤ እርስዎም ከገዙ በኋላ ሌዘር ወዳለበት መድረክ ሌንስዎን አያቅኑ። ሴንሰሩን በጨርቅ ወይም በአፍ እፍ በማለት ለማጽዳት የሚሞክር ሻጭ ካጋጠመዎት እቃውን በሌላ ቦታ ይፈልጉ።

ምክሬ ይህ ነው፦ ኤ7 ማርክ 3ን ይግዙ፣ ነገር ግን አካሉን ብቻ፤ በ28-70 ሌንሱ ፋንታ 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ይያዙ። የካሜራው ሁለት የካርድ ማስገቢያም ለሠርግ ሠራተኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ ካርድ ሊበላሽ ይችላል፣ ሠርግ ደግሞ አይደገምም። በቀን ብርሃን ደጅ ላይ ለሚያነሡት የቤተሰብ ጥምር ፎቶ 600ዲ ከ18-55 ጋር አሁንም ስለሚበቃ አይሽጡት። ሻጩ ሌንሱን ነጥሎ አልሸጥም ካለ ወይም ሴንሰሩ ፈተናውን ካላለፈ፣ ያለማመንታት ኤ6400ን አካሉን ብቻ ገዝተው የሲግማውን 30 ሚሊ ሜትር 1.4 ይጨምሩበት። የማልመክርዎ ኤ7 ማርክ 3ን ከ28-70 ጋር ብቻ ይዘው ወደ ምሽት ሥራ መግባትን ነው፤ ያን ቢያደርጉ ገንዘብዎን ጨርሰው ከአሸዋው ጋር ይቀራሉ።

ሁለተኛውን መንገድ ከመረጡ አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ፦ የሲግማው ሌንስ ለትንሹ ሴንሰር የተሠራ ስለሆነ ወደፊት ፉል ፍሬም ቢገዙ በካሜራው ላይ ቢገጠምም ካሜራው የሴንሰሩን መሀል ብቻ ተጠቅሞ 10 ሜጋ ፒክስል የሚሆን ፎቶ ይሰጥዎታል፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ከካሜራው ጋር አብረው ይሽጡት። ለግዢው ገንዘቡ ሳይሞላ ሠርግ ከደረሰብዎት ደግሞ ለ600ዲ የካነንን 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ሌንስ ይግዙ ወይም ይዋሱ። ክፈፉ ጠበብ ስለሚል ጥቂት ወደ ኋላ መራቅ ይኖርብዎታል እንጂ፣ ከ18-55 ሌንስዎ 5.6 ጫፍ ጋር ሲነጻጸር ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባልዎታል።